ጣሪያው ከክረምት በፊት ይመለስ፦ የገረመውንና የብስክሌት ዘመናችንን ትዝታ ለያዘችው ቤት የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ የድሮ ብስክሌተኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወዳጆች፦

ይህ የኦሎምፒክ ብስክሌተኛውን የገረመው ደንቦባንና የዘመኑን ነጂዎች ትዝታ በፎቶና በድምፅ ለምናኖርበት ቤት ጣሪያ የጻፍነው ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። የመጀመሪያውን መስከረም ላይ፣ ሁለተኛውን በገና ሰሞን ጽፈን ነበር። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔው የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፤ «ደግሞ ይኼ ሰውዬ መጣ!» የምትሉ ካላችሁ አልቀየምም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን ያው ነበር የምለው።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ግን ልድገመው። ባለፈው ነሐሴ 11 ሌሊት የጣለው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የቤታችንን ጣሪያ በጓሮ በኩል አወረደው። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ነበር። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ወራጆቹን ደግሞ ለካ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሷቸው ኖሯል። ጠዋት ስንደርስ የአቡጀዲው ኮርኒስ ተቀዶ ግማሹ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ግማሹ ውሃ አቁሮ ተንዘርጥጧል። አሸንዳውን ማን መጥረግ ነበረበት? እኛ። ይህን አንደብቅም። ከሰኔ በፊት ይጠረግ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ነበር፤ እንደተጻፈ ቀረ።

የከፋው ፎቶዎቹ ላይ የደረሰው ነው። ፎቶ ከነመስታወቱ ከረጠበ በኋላ ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። አንዱን አባላችን በቅንነት ሊያላቅቀው ሲሞክር የፎቶው ፊት መስታወቱ ላይ ቀረ፤ እጁ ላይ የተረፈው ነጭ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳይነካቸው ብለን በካርቶን ጠቅልለን አንድ አባላችን ቤት አስቀምጠናል። ከተቀመጡት አንዱ ላይ መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ፣ ባለ ነጠላዋ፣ ኮፍያውን ያነሳው ልጅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሁሉም የሚያዩት ብስክሌተኛ ግን ከኋላ ቸርኬው በቀር ጠፍቷል።

ድምፆቹ ግን ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፉት አራት ዓመታት 43 አዛውንቶችን እየዞርን ቀድተናል፤ የአንዳንዶቹን እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ። ግልባጩ በሌላ ቤት ስለነበር ውሃ አላገኘውም። «አራት ዓመት ሙሉ ምን ሠራችሁ?» ለሚለን ሰው መልሳችን ይህ ነው። ከ43ቱ 9ኙ ዛሬ የሉም። የ9ኙን ድምፅ ልጆቻቸው እንኳን የላቸውም፤ እኛ ጋ ነው ያለው።

ስለ ገረመው ደንቦባ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም ነበር፤ ለልጆቻችሁ ስትሉ ግን ትንሽ ልበል። (አንቱ ማለት ይገባ ነበር፤ በልጅነታችን «አንተ» ብለነው ስላደግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ይቅርታ።) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሰለፈችው ኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ከሄዱት 12 ስፖርተኞች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሴ መንግስቱ። ያኔ ማሞ ወልዴም ገና ወጣት ሆኖ በሩጫው ነበረ። የብስክሌቱ የጎዳና ውድድር ኅዳር 28 ተካሄደ፤ 17 ኪሎ ሜትር የሆነውን ዙር 11 ጊዜ መዞር፣ በድምሩ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ። ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የዚያ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር ቀደም ብሎ በሰኔ 1948 ስቶክሆልም ላይ የተደረገው አውስትራሊያ በበሽታ ፍራቻ የውጭ ፈረስ አላስገባም ስላለች ነው። ከቀዳናቸው ሽማግሌዎች አንዱ ይህን ሲነግረን፣ «የእኛ ፈረስ ጭድ አይበላ፣ ሣር አይበላ፤ ዘው ብሎ ገባ» ብሎ ሳቀ።

ሜዳሊያ አላመጡም። ገረመው በ1952 ሮም ላይም ተወዳድሯል፤ ግን ሮም ሲባል ማን ብስክሌት ያስታውሳል? ጳጉሜ 5 ቀን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ፣ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ሆነ፣ አገሩ በአንድ ስም ሰከረ። ይገባዋል፤ እኛም ጨፍረናል። ብስክሌተኞቹ ግን በዚያ ጭፈራ ውስጥ ሳይጠየቁ ቀሩ። ዛሬ በውጭ መዛግብት የገረመው ስም አንዱ ጋ «ጉሬሙ»፣ ሌላው ጋ «ደምባባ»፣ ደግሞ ሌላው ጋ «ዴምቦባ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። እኛ ስሙን አስተካክለን ካልጻፍን ማን ይጽፍልናል?

በእኛ ሰፈር ግን ብስክሌት የነዳ ሁሉ ገረመው ነበር። የዳቦ ቤቱ ልጅ ከኋላው ቅርጫት አስሮ ሲያልፍ «ገረመው!»፣ ኪራይ ብስክሌት ላይ መጀመሪያ የወጣ ልጅ አጥር ውስጥ ሲገባ «ገረመው!»። እኔ ራሴ በስሙኒ የተከራየሁትን ብስክሌት ሰዓቴ ሳያልቅ ለመመለስ ቁልቁለቱን ስወርድ ይህን ስም የጮሁልኝ ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ፍሬኑ አልነበረውም፤ በጫማዬ ሶል ነበር የማቆመው። እናቴ ስለ ጫማው ምን እንዳደረገችኝ ለዚህ ጽሑፍ አይሆንም።

ከቀዳናቸው መካከል አንድ ጫማ ሰፊ አሉ። የዚያ ዘመን የውድድር ጎማ ከመነዳሪው ውስጡ ገብቶ ዙሪያውን የተሰፋ፣ ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የሚያያዝ ነበር። ሲፈነዳ ስፌቱ ይተረተራል፣ ቀዳዳው ይለጠፋል፣ እንደገና ይሰፋል። ያን የሚሰፉት እኚህ ሰው ናቸው። «ስፌቱ ትንሽ ከጎበጠ ጎማው እያነከሰ ይሄዳል፤ ነጂው በመቀመጫው ያውቀዋል» ይላሉ። ብስክሌተኞቹ መለዋወጫ ጎማቸውን እንደ ጥይት ቀበቶ ትከሻቸው ላይ አጣልፈው ሲመጡ ሕፃናቱ ዘማች የመጣ ይመስላቸው ነበር። ብርቱካን ትሸጥ የነበረች ሴት ደግሞ አለች፤ ውድድር ባለ ቀን ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ መንገድ ላይ ትቆም ነበር። አንዱ ነጂ ሳይቆም ከእጇ ነጥቆ እንዳለፈና ዋጋውን ከሳምንት በኋላ መጥቶ እንደከፈላት ትናገራለች። ገረመው ነበር? «እሱ ነው እንጂ!» ትላለች። እኛ እንጃ እንላለን፤ ግን ቀድተነዋል። ሁለት አማቾች ደግሞ በብስክሌተኞቹ ማልያ ቀለም ተጣልተው አንድ ላይ ለመቀዳት እምቢ አሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ። ለየብቻ ቀዳናቸው።

አሁን ወደሚወራብን ሐሜት ልምጣ። «የሰው ገንዘብ በዝገት ላይ አዋሉት» የተባለው ከቁራሌ ስለገዛነው አሮጌ ብስክሌት ነው። አዎ፣ 18,000 ብር ከፍለንበታል። ቁራሌው በኪሎ ሊሸጠው ሚዛን ላይ አስቀምጦት ነበር የደረስነው። የጣሊያን ሥራ ነው፤ የኮርቻው ቆዳ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ ካቴናው ከጥርሱ ጋር አንድ ሆኗል። የመሪውን ጫፍ የደፈነው ግን የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ ነው፤ የዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ጫማ ሰፊው ቡሹን ባዩ ጊዜ ለብዙ ደቂቃ አልተናገሩም። የገረመው ብስክሌት ነው ብለን አናውቅም፣ አንልምም፤ ያን ያወራ ሰው ከእኛ አልሰማም። የዘመኑ ብስክሌት ነው፤ ይበቃል።

ሌላው ወሬ ስለ ምሳው ነው። ለአዛውንቶቹ ማመላለሻና ምሳ በአራት ዓመት 22,600 ብር ወጥቷል። የሰማንያ ዓመት ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቁም? አንድ ቀን ጾም መሆኑን ረስተን ክትፎ ያዘዝነው እውነት ነው፤ ሒሳቡን ያዘዙት ሰዎች ከኪሳቸው ከፍለዋል። እስካለፈው ዓመት የተሰበሰበው በጠቅላላ 268,300 ብር ነው። ከብስክሌቱና ከማመላለሻው ሌላ 41,500 ለመቅጃና ለማስቀመጫ፣ 57,000 ለመደርደሪያ፣ 33,200 ለመብራት መስመር፣ የቀረው 96,000 ለወለሉና ለቀለም ውሏል። የዕድራችን ሒሳብ ሹም ደረሰኝ በደረሰኝ አይተውታል፤ መዝገቡ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ማየት ይቻላል።

«በሰው ቤት ላይ ጣሪያ ትሠራላችሁ?» የሚሉም አሉ። ቤቱ ድሮ ብስክሌት ማከራያ የነበረው፣ እኛ ሁላችን በስሙኒ የተሰለፍንበት ቤት ነው። ቤተሰቡ ያለ ኪራይ ለ15 ዓመት በጽሑፍ ፈቅዶልናል። ሌላ ቦታ እንዲሰጠን ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባነው ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሦስተኛው «በሂደት ላይ» ነው። ሂደቱ እስኪያልቅ ሰኔ ይደርሳል።

ለጣሪያው ያገኘነው ዝቅተኛ ፕሮፎርማ 486,000 ብር ነው፤ ወራጅና ማገር፣ ቆርቆሮ፣ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ የእጅ ዋጋም ጭምር። እስከ ዛሬ የገባው 131,750 ብር። የጎደለው 354,250። ከጥር ወዲህ አንድም ብር አልገባም። የበልጉ ዝናብ አሁን የሸፈንንበትን ሸራ እያንኳኳ ነው፤ ሸራውን የዕድሩ አባላት ነው ያዋሱን፤ ለቅሶ በሆነ ቁጥር አውርደን እንመልሳለን፣ ከሠልስት በኋላ ደግሞ እንሰቅላለን። በሚያዝያ ብቻ ሁለት ጊዜ አውርደነዋል።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት አልደግምም፤ በሁለቱም ጥሪ ጽፌዋለሁ፣ ሎሚውም አልመጣም። ለነድያን የምትሰጡትን ለእኛ ስጡም አንልም፤ የእነሱ ይቀድማል። ግን ለሞተ ሰው ተዝካር ድንኳን ተክለን የምናበላ ሰዎች፣ በሕይወት ያለ ሽማግሌ የሚያስታውሰውን ለማኖር አንድ ቆርቆሮ ቢያቅተን አባቶቻችን ምን ይሉናል? ሙስሊም ወንድሞቻችን ሰደቀቱል ጃሪያ የሚሉት፣ ሰጪው ካለፈም በኋላ የማይቋረጠው ምጽዋት፣ ለእንዲህ ያለውም ይሆናል ብለውናል፤ ከፍ ያለውን መዋጮ እስካሁን የሰጡት እነሱ ናቸው።

በውጭ ላላችሁ፦ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ አውሮፓውያን በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሰለፍ ሌሊት የደወላችሁልን እናንተ ናችሁ። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው በቱር ደ ፍራንስ የሦስት ቀን ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ ቀዳሚውን አረንጓዴ ማልያ ሲለብስም፣ «ድሮ ከአስመራ ልጆች ጋር አንድ ላይ እንነዳ አልነበር?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ያ «ድሮ» እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

አከፋፈሉ፦ ሒሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ በሦስት ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ መጨረሻው 417 የሆነ። ሙሉ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ባለፈው ጥሪ ሌላ ሰው የራሱን ቁጥር ተክቶ ስላዞረው ነው። ሙሉውን ማኅተም ካረፈበት፣ ከዕድሩ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ውሰዱ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ወደ ባንኩ ሒሳብ አስተላልፉ፤ በማንም ሰው ስልክ ላይ አትላኩ፤ በእኔም ስልክ ጭምር። ደግሜ እላለሁ፦ መጨረሻው 417 ካልሆነ የእኛ አይደለም። ገንዘቡን በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዣችን ብቻ ስጡ። ገንዘብ የሌለው ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ጉልበት ያምጣ። አናጢው ግማሹ ከገባ በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ እጀምራለሁ ብሏል፤ መሰላል ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፣ የእኛው ተሰብሯል።

መጨረሻው 417። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።