ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ወገኖቻችን ከኤፍ ኤች ኤ ብድር ሊገለሉ አይገባም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ቤት መግዣ ብድር በየጊዜው የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጥሞና ከሚያነቡት መካከል ነኝ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለመግዛት የሚዘጋጁ ወገኖቻችን ሰነዶቻቸውን እንዲያሟሉ ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ለበርካታ ዓመታት ስረዳ ስለቆየሁ፣ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና በሚሰጣቸው ብድሮች ላይ የወጣው የነዋሪነት ደንብ በማኅበረሰባችን ላይ ያስከተለውን ጉዳት በቅርብ አይቻለሁ። ደንቡ ጥገኝነት ጠይቀው የተፈቀደላቸውንና በስደተኝነት ፕሮግራም ወደ አሜሪካ የመጡትን ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ማገዱ ፍትሐዊ አይደለም፤ ደንቡ በወጣበት ምክንያት ሲመዘን እንኳ አያስኬድም። ይህን ብዬ የማምንባቸውን ምክንያቶች እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በቅድሚያ ስለ ብድሩ ጥቂት ልበል። በ1934 የተቋቋመውና ዛሬ በቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር፣ ሁላችንም ኤፍ ኤች ኤ የምንለው፣ ራሱ ለቤት ገዢ ገንዘብ አያበድርም። ገንዘቡን የሚሰጠው ባንክ ወይም የሞርጌጅ ድርጅት ሲሆን፣ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው እንዳይከስር ኤፍ ኤች ኤ ዋስ ይሆናል። ይህ ዋስትና ስላለ ክሬዲት ስኮሩ፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪኩ የሚለካበት ነጥብ፣ 580 የደረሰ ሰው የቤቱን ዋጋ 3.5 በመቶ ብቻ በቅድሚያ ከፍሎ ሊበደር ይችላል፤ ስኮሩ ከ500 እስከ 579 ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው 10 በመቶ ይሆናል። ገዢው ቤቱ ውስጥ ራሱ መኖር ይጠበቅበታል። 420,000 ዶላር ለሚያወጣ ታውንሃውስ 3.5 በመቶው 14,700 ዶላር ነው፤ አንዳቸው በአረጋውያን መጦሪያ፣ ሌላው በኡበር ሥራ የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ተቸግረውም ቢሆን ሊያጠራቅሙት የሚችሉት ገንዘብ ነው። 20 በመቶ፣ ማለትም 84,000 ዶላር ካላመጣችሁ ቢባል ኖሮ ከመካከላችን ብዙዎች እስከ ዛሬ ተከራይ ሆነን በቀረን ነበር።

እስከ 2025 ድረስ ይህ ብድር ከዜጎችና ከግሪን ካርድ ባለቤቶች ሌላ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ላላቸው ቋሚ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ክፍት ነበር። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው እንዲያውም የሥራ ፈቃድ ካርድ አይጠየቅም ነበር፤ ጥገኝነቱ መፈቀዱን የሚያረጋግጠው ሰነድ ይበቃው ነበር። ሚኒስቴሩ ማርች 26 ቀን 2025 ለአበዳሪዎች ባስተላለፈው ደብዳቤ ግን ቋሚ ያልሆኑ ነዋሪዎችን የሚመለከተውን ክፍል እንዳለ አነሣው፤ ለውጡም የኤፍ ኤች ኤ የጉዳይ ቁጥር ከሜይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ በተሰጣቸው ብድሮች ላይ ተፈጻሚ ሆነ። አሁን በብድሩ የሚጠቀሙት ዜጎች፣ የግሪን ካርድ ባለቤቶችና ከአሜሪካ ጋር ልዩ ስምምነት ያላቸው የማይክሮኔዥያ፣ የማርሻል ደሴቶችና የፓላው ተወላጆች ናቸው። ብዙ ሰው በወሬ ስለሚደናገጥ አንድ ነገር ላክል፦ ደንቡ ከዚያ ቀን በፊት የተበደረን ሰው ብድር አይሰርዝም።

በእኛ ሰፈር ውጤቱን በዓይናችን የምናየው ዲቪ ደርሶት የመጣውንና በጥገኝነት የሚኖረውን ሰው ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነው። ባለ ዲቪው ከአውሮፕላን ሲወርድ ቋሚ ነዋሪ ነውና ሥራ ይዞ ክሬዲት እስከ ገነባ ድረስ የነዋሪነት ደንቡ አያግደውም። ይህ መብቱ ነው፤ ማንም እንዲነፍገው አልፈልግም። ከእርሱ አሥር ዓመት ቀድሞ የመጣው፣ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ለዓመታት የተጓተተበት፣ በመጨረሻም የደረሰበትን ሁሉ በዳኛ ፊት አስረድቶ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ግን፣ ግብሩን በየዓመቱ የከፈለና ኪራዩን አንድም ወር ያላዛነፈ ቢሆን እንኳ ከደጅ ይመለሳል። ከተፈቀደለት በኋላ አንድ ዓመት መቆየት፣ ለግሪን ካርድ ማመልከት፣ ከዚያም መልስ መጠበቅ አለበት፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ደግሞ እርሱ አይደለም። ደንቡ በወጣበት በዚያው የማርች ወር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጥገኝነት ያገኙና በስደተኝነት የመጡ ሰዎችን የግሪን ካርድ ማመልከቻ ለተጨማሪ ማጣራት በሚል ለጊዜው አግዶ እንደነበር የምናስታውስ እናስታውሳለን። አንዱ መሥሪያ ቤት ካርዱን አምጡ ይላል፤ ሌላው ካርዱን ይዞ ያቆያል።

ሚኒስቴሩ የሰጠው ምክንያት፣ ቋሚ ያልሆኑ ነዋሪዎች በአገሪቱ የመቆየት ዕድላቸው በኢሚግሬሽን ሕግ ሊለወጥ ስለሚችል የረጅም ጊዜ ዕዳ ለመክፈላቸው እርግጠኛ መሆን አይቻልም የሚል ነው። ይህ ክርክር ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከለላቸው በመንግሥት ውሳኔ የሚራዘም ወይም የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ለ30 ዓመት ብድር ሲቀርቡ ጥያቄ ቢነሣ ይገባኛል፤ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና እየታየ ስላለውም እንደዚሁ። በጅምላ መከልከሉ ለእነርሱም ቢሆን ከሚገባው በላይ የከበደ ነው ብዬ ባስብም፣ ክርክሩን ግን እረዳዋለሁ።

ጥገኝነት የተፈቀደለትን ሰው ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ መደመር ግን አግባብ አይደለም። ጥገኝነት የማብቂያ ቀን የለውም፤ የሚሰረዘውም በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶችና በሕጋዊ ሥርዓት ብቻ ነው። ግሪን ካርድም ቢሆን በሕግ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ይነጠቃል። ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱ የሚለው ነው፦ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርዱ ሲጸድቅለት፣ ቋሚ ነዋሪ የሆነበት ቀን ከጸደቀበት ዕለት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆጠርለታል፤ በስደተኝነት ፕሮግራም የመጣው ደግሞ አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። እንግዲህ ዛሬ ቋሚ ነዋሪ ስላልሆንህ አትበደርም ተብሎ ከአበዳሪው ደጅ የተመለሰ፣ በስደተኝነት ፕሮግራም የመጣ ሰው፣ ካርዱ ሲደርሰው በተመለሰበት በዚያ ዕለት ቋሚ ነዋሪ እንደነበረ በካርዱ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ሕጉ በኋላ ቋሚ ነዋሪ ነበር ብሎ የሚመሰክርለትን ሰው፣ ያን ጊዜ እምነት አይጣልበትም ብሎ መከልከል ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው?

የግብር ከፋዩን ገንዘብ ለመጠበቅ ነው የሚባለውም ቢሆን መመርመር አለበት። የኤፍ ኤች ኤ ዋስትና በአመዛኙ የሚቆመው ራሳቸው ተበዳሪዎቹ በሚከፍሉት የኢንሹራንስ ክፍያ ነው። ከላይ በጠቀስሁት ታውንሃውስ ላይ ብድሩ 405,300 ዶላር ሲሆን፣ ገዢው በመጀመሪያ 1.75 በመቶ፣ ወደ 7,093 ዶላር ገደማ፣ ይከፍላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በብድሩ ላይ ይደመራል። ከዚያ በኋላ በዓመት 0.55 በመቶ፣ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ2,200 ዶላር በላይ፣ ከወርኃዊ ክፍያው ጋር ይታሰብበታል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ በታች ከነበረ ክፍያው ብድሩ እስኪያልቅ አይነሣም። ከዚህ የሚጠራቀመው ፈንድ በ2024 የበጀት ዓመት መጨረሻ ዋስ ከሆነባቸው ብድሮች አንጻር የነበረው የካፒታል መጠን 11.47 በመቶ ሲሆን፣ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው 2 በመቶ ነው። በ2013 ፈንዱ ከግምጃ ቤት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል መውሰዱ እውነት ነው፤ ጉድለቱ ግን ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት የመጣ እንጂ ስደተኛ ቤት ስለገዛ የመጣ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ሰነዶቿን ሳደራጅላት የነበረችን አንዲት እህት ጉዳይ ልጥቀስ። በቤት ለቤት የአረጋውያን እንክብካቤ ትሠራለች፤ ጥገኝነቷ ተፈቅዶላታል፤ የግሪን ካርድ ማመልከቻዋን አስገብታ መልስ ትጠብቃለች። ለቅድሚያ ክፍያ ያዘጋጀችው ገንዘብ ግማሹ የዕቁብ ነበር። ኤፍ ኤች ኤ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ይቀበላል፤ ማኅበሩ መኖሩና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ገንዘቡም ለተበዳሪው በትክክል መድረሱና በብድር የመጣ አለመሆኑ በሰነድ ከተረጋገጠ። ስለዚህ የዕቁቡን ዳኛ ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም መዝገቡን ይዘው መጡ። ጠርዙ የተተለተለ ሰማያዊ ደብተር ነው፤ በግራ በኩል የአባላቱ ስም፣ በአናቱ ወሮቹ፣ በየመስመሩ የከፈሉበት ምልክት፣ ዕጣ የወጣላቸው ወር ላይ ደግሞ የተቀባዩና የጸሐፊው ፊርማ። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አደረግን፤ ዳኛው ዕቁቡ የተጀመረበትን ወርና የእርሷን ድርሻ ጠቅሰው ደብዳቤ ጻፉልን፤ ዕጣው በወጣላት ሳምንት ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን የባንክ ስቴትመንቱ አሳየ። ዳብሊው ቱ የሚባለው የሁለት ዓመት የደመወዝ ማስረጃ፣ የወር ደመወዝ ደረሰኝ፣ የኪራይ ቼክ፣ አንድም የጎደለ አልነበረም። ሎን ኦፊሰሩ፣ ማለትም የአበዳሪው ሠራተኛ፣ ከመዝገቡ እስከ ፊርማው ሁሉን ተቀብሎ ሲያበቃ የነዋሪነት መጠይቁ ላይ ሲደርስ ፋይሉን ዘጋው። ገንዘብ የመክፈል ልማዷ በዚያ ደብተር ላይ በእያንዳንዱ ወር ተመስክሮ ሳለ፣ የተጠየቀው ግን እርሷ ልታፋጥነው የማትችለው አንድ ካርድ ብቻ ሆነ።

ደንቡ ያስከተለው ሌላው ጉዳት፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ በሌላ ሰው ስም ቤት የመግዛት ነገር እየተለመደ መምጣቱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ በስሙ ይበደራል፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውና የሚከፍለው ግን ሌላው ነው። ስሙን የሰጠው ሰው በቤቱ ውስጥ እኖራለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ይህም ሐሰተኛ ቃል በመሆኑ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከገንዘብ ያለፈ ነው። የከፈለው ወገን በሕግ ዓይን ምንም የለውም፤ ባለስሙ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ቢክድ የሚይዘው ወረቀት የለም። አንባቢዎቻችሁ ይህን መንገድ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት እለምናለሁ። ባልና ሚስት ሆነው አንዳቸው ብቻ ግሪን ካርድ ካላቸው ግን ካርድ ያለው ወገን ብቻውን በሕጋዊ መንገድ መበደር ይችላል። የሌላው ገቢ አይደመርም፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዕዳውም አይቆጠርም፤ በቴክሳስ፣ በኔቫዳ፣ በዋሽንግተን ስቴትና በካሊፎርኒያ ግን የትዳር ጓደኛው ዕዳ ይታሰባል። በአንድ ገቢ ብቻ ብቁ የሚሆኑት ባልና ሚስት ጥቂት መሆናቸውን ግን ከልምድ አውቃለሁ።

ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዙት፣ ከ2008 ጀምሮም በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር የሚገኙት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የተባሉ ድርጅቶች በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ቋሚ ያልሆኑ ነዋሪዎችን እንደ ዜጋ ሲያስተናግዱ ኖረዋል፤ ስለሆነም ክሬዲቱ ጠንካራ የሆነ ሰው መደበኛውን፣ ማለትም ኤፍ ኤች ኤ ዋስ የማይሆንበትን፣ ብድር ሊጠይቅ ይገባል። ለብዙዎቻችን ግን መደበኛው ብድር ኤፍ ኤች ኤን አይተካም፤ ስኮሩ ዝቅ ያለ ሰው ወለዱና ኢንሹራንሱ ይከብደዋል፤ ከኤፍ ኤች ኤ ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው የስቴት የቅድሚያ ክፍያ ድጋፍም ያመልጠዋል።

ደንቡ በኮንግረስ የወጣ ሕግ አይደለም፤ በደብዳቤ የመጣ ነውና በደብዳቤ ሊሻሻል ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት ፕሮግራም የመጡ ሰዎች እንደ ቀድሞው እንዲበደሩ የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ ይበቃል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታም ሆነ በሌላ ስቴት የምትኖሩ ዜጎች የሆናችሁ አንባቢዎች ለኮንግረስ ተወካያችሁ ስትጽፉ በደፈናው ስለ ስደተኞች ከመጻፍ ይልቅ ቋሚ ነዋሪነት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆጠርበትን ይህን ጉዳይ ለይታችሁ ብታነሡ፣ የሚጠየቀው ነገር ውስንና ምላሽ ሊያገኝ የሚችል ይሆናል።

እናንተን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። በማስታወቂያ ገጾቻችሁ ላይ በወርክ ፐርሚት ቤት ይግዙ የሚሉ ማስታወቂያዎች አሁንም ይወጣሉ። አንዳንዶቹ መደበኛውን ብድር ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን 3.5 በመቶ የሚለውን እያሰበ ይደውልና ለቤት ግምትና ለፍተሻ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ እንደማይችል ይነገረዋል። አስተዋዋቂዎቹ የሚያቀርቡት የትኛውን የብድር ዓይነት እንደሆነና ምን ዓይነት የነዋሪነት ሰነድ እንደሚጠይቅ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ እንዲጽፉ ብታስገድዱልን፣ ቢያንስ በዚህ በኩል የሚደርሰውን ኪሳራ ማስቀረት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ