ቫን ባስተን ጫማ የሰቀለው መቼ ነው?

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፤

የኔዘርላንዱ አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተን «በ1993 ጫማ ሰቀለ» ሲባል ይሰማል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። በ1993 የሆነው የመጨረሻ ጨዋታው ነው፤ ግንቦት ላይ ክለቡ ሚላን በማርሴይ 1 ለ 0 የተሸነፈበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። መሰናበቱን ያሳወቀው ግን በነሐሴ 1995፣ ገና በ30 ዓመቱ። ጉልበቱን አልነበረም የታመመው፤ ቁርጭምጭሚቱን ነው። የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ተበልቶ ስለነበር ቀዶ ጥገናው አልመለሰውም።

በ1988 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሙኒክ ውስጥ በሶቭየት ኅብረት ላይ ያስቆጠራትን ጎልም «ዕድል» የሚሉ አሉ፤ እንዴት ሆኖ! የቡድን ጓደኛው ሙረን ከግራ ያሻገራት ኳስ ከፍ ብላ ስለዘገየች ቫን ባስተን የሚቆምበትን መረጠ። መሬት ሳትነካ በቀኝ እግሩ መታት፤ ሰውነቱ ወደ ኋላ ቢያዘነብል ኖሮ ተመልካች መሃል ነበር የምታርፈው። ከዚያ ጠባብ ማዕዘን በግብ ጠባቂው በዳሳዬቭ አናት ላይ አልፋ ሩቁን ጥግ አገኘች።

አንባቢያችሁ