አዲስ ኳስ ወርዋሪ በጨዋታ ብዛት ብቻ አይመዘን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እ.ኤ.አ. በ2024 የሜጀር ሊግ ቤዝቦል (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር) የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት በሁለቱም ሊጎቹ፣ በናሽናልና በአሜሪካን፣ ለኳስ ወርዋሪዎች ከተሰጠ ወዲህ፣ እዚህ ለገጣፎ ጨዋታውን በስልክ በምንከታተል ጥቂት ወዳጆች መካከል ያልበረደ ክርክር አለ።

በናሽናል ሊግ አሸናፊው የፒትስበርጉ ፖል ስኪንስ የተሰለፈው በ23 ጨዋታዎች ብቻ ሲሆን፣ ተፎካካሪው፣ ወርዋሪ ያልሆነው የሳንዲያጎው ጃክሰን ሜሪል ግን በ156 ጨዋታዎች በመሰለፉ ሽልማቱ ለሜሪል ይገባ ነበር ይሉኛል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ወርዋሪ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ፍልሚያ የሚጀምረው ከእጁ ነው፤ ክንዱ ማረፍ ስላለበት ግን ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር ሊሰለፍ አይችልም። ስኪንስ በ133 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) 170 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ (መቺው በአግባቡ ባልመታው ውርወራ) አሰናብቷል፤ በየ9 ኢኒንጉ በእርሱ ላይ የተመዘገበው ነጥብም በአማካይ 1.96 ብቻ ነበር። የፒትስበርግ የምሽት ጨዋታ በአብዛኛው የሚጀምረው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7፡40 ቢሆንም፣ እርሱ በሚወረውርበት ቀን ነቅቼ በማደሬ አንድም ጊዜ አልተቆጨሁም።

በአሜሪካን ሊግ ያሸነፈው የኒውዮርክ ያንኪሱ ሉዊስ ሂል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የተመለሰ ነው፤ 15 ጨዋታዎችን አሸንፎ፣ የባልቲሞሩን ኮልተን ካውዘርን በ5 የድምፅ ነጥብ ብቻ በልጧል።

የስፖርት ክፍላችሁ የወርዋሪ ቁጥሮች እንዴት እንደሚነበቡ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ እንዲያወጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለገጣፎ