ግፊት ሲነሳ ኩላሊትም ይነሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ደም ግፊት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ልብ ነው። ኩላሊት መረሳቱ ያሳስበኛል።

ከመቀመጫችን ብድግ ስንል ግፊት ይወርዳል። አንገት ላይ ባለው ትልቅ የደም ስር ግድግዳ ያሉ ነርቮች ወዲያው ለአንጎል ይነግራሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ስሮች ይጠባሉ። ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

የረጅም ጊዜውን ሥራ በዋናነት የሚሸከመው ግን ኩላሊት ነው። ግፊት ሲወርድ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ያመነጫል። በዚህ ሰበብ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን የደም ስሮችን ያጠባል፤ አልዶስትሮን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ጨውና ውሃ በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። ብዙዎች የሚውጡት ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት የሚሠራው እዚሁ ሂደት ላይ ነው።

ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊትም መልሶ ግፊት ይጨምራል። እባካችሁ፣ የግፊት ታማሚዎች የኩላሊት ምርመራም እንዲያደርጉ በጤና ዓምዳችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ