መቋጫ ከቋጠሮ አልመጣም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ማብቂያ ቃላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ለእናቴ ጮክ ብዬ ነበር። "መቋጫ" የሚለው ጋ ስደርስ እጇን ከያዘችው ነጠላ ላይ አነሳች። "ማነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ። እኔም ይህንኑ ልጠይቃችሁ ነው የምጽፈው።

ብዙው ጥሩ ነው፤ እውነቱን ልናገር። "ድኅረ ጽሑፍ" ከፊርማ በኋላ ግርጌ ላይ የሚጨመር ቃል መሆኑን ጽፋችኋል። ከላቲኑ ጋር ማነጻጸራችሁም ልክ ነው። እዚያም "ፖስት" በኋላ፣ "ስክሪፕቱም" የተጻፈ ማለት ነው። "ኤፒሎግ" ከግሪክ መምጣቱም፣ ውስጡ "ሎጎስ" ማለትም ቃል መኖሩም ልክ ነው። "ማሳረጊያ"ን ከዕርገት ጋር ማያያዛችሁን ወድጄዋለሁ። ቄስ ጸሎት ሲያሳርግ ወደ ላይ ነው የሚልከው።

ከዚያ ግን መቋጫ መጣ። "ቋጠረ ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን ከዋናው ጽሑፍ በኋላ የሚታከል ተጨማሪ ሐሳብ ነው" አላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ስህተት።

መጀመሪያ ግሱን እንይ። "ጀመረ" ሲል "መጀመሪያ" ይወጣል። "ሰፈረ" ሲል "መስፈሪያ"። "ቋጠረ" ሲል "መቋጠሪያ"። "ረ" የትም አትሄድም። "መቋጫ" ውስጥ ግን "ረ" የለችም። ቃሉ የመጣው "ቋጨ" ከሚለው ነው። ቋጨ፣ ይቋጫል፣ ተቋጨ፣ መቋጫ። እናንተ ራሳችሁ በየቀኑ "ያልተቋጨ ጉዳይ" እያላችሁ ትጽፋላችሁ። "ያልተቋጠረ ጉዳይ" ብላችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ሸማው ልምጣ፤ "ቋጨ" የሸማ ጫፍ ሥራ ነውና። ድር ማለት ከሸማው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚሄደው ክር ነው። ማጉ ደግሞ ወርዱን የሚያቋርጠው። ሸማኔው ማጉን በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እያቀበለ ይሠራል። ድሩን ግን እስከ መጨረሻው አይሸምነውም። በሁለቱም ጫፍ ማግ ያልገባበት ክር ይተዋል። ሸማው ሲወርድ ያ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ዘርፍ የምንለው ነው። እንዲሁ ከተተወ መጨረሻ ላይ የገባው ማግ መሸሽ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጫፉ ይተረተራል። ለዚህ ነው የሚቋጨው። ጥቂት ክር ይያዝና ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ጠበቅ ተደርገው ይከረራሉ። ከዚያ አንድ ላይ ሆነው ወደ ተቃራኒው ይገመዳሉ። አንዱ ሌላውን ስለሚይዝ በቀላሉ አይፈታም። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ እስከ ወርዱ ማብቂያ ድረስ።

ጫፉ ላይ ትንሽ ቋጠሮ የሚጨምሩ አሉ፤ አልክድም። ምናልባት ጸሐፊያችሁ ያያት እሷን ይሆናል። ግን ያቺ የሥራው ማብቂያ እንጂ ሥራው አይደለችም። ሥራው መግመዱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል። ልብ በሉ፦ ለመቋጨት አዲስ ክር አይመጣም። የሚቋጨው ያው ሸማው ሲጀመር የተዘረጋው ድር ነው። ጥለቱን አልፎ፣ መሐሉን አልፎ፣ እዚህ የደረሰው ክር። ታዲያ "ተጨማሪ" የሚባለው ምኑ ነው? ድኅረ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው የረሳውን ይጨምራል። ንግግሩን የሚቋጭ ሰው ግን ሲናገር የቆየውን ይዞ እንዳይተረተር ያደርገዋል። አዲስ ነገር ካመጣ አልቋጨም፤ ሌላ ጀመረ። ሽማግሌ እርቅ ሲቋጭ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። በመጨረሻ የሚናገረው ከጠዋት ጀምሮ ሲባል የዋለውን ነው።

ለሚጨመር ነገር ሌላ ቃል አለን። ጉልት ገበያ ውጡ። ቲማቲም ሻጯ መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። "ምራቂ" ይባላል። ከሒሳቡ በላይ ስለሆነ ሰውም አመስግኖ ይወስዳል። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ መጻፍ ሻጯንም ቋጪዋንም አለማወቅ ነው።

ጽሑፋችሁ ላይ አስተያየት የሰጡት ሁሉ መምህራንና ደራሲያን ናቸው። አከብራቸዋለሁ። ግን ስለ ሞተር ሲጻፍ መካኒክ ይጠየቃል። እናቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቋጭታለች። አባቴና እሷ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ነው የኖሩት። እሱ ይሸምናል፣ እሷ ትፈትላለች፣ ትቋጫለች። የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ቆዳ ከመደደሩ የተነሳ ስልኳ አሻራዋን አያነብላትም።

አሁን ያለነው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። የሸማኔ እቃ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ እግር የሚገባው እዚያ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ስለዚህ አባቴ ከሰፈሩ ዳር የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይሠራል፣ ሸማውን ማታ ይዞ ይመጣል። መቋጨት ግን ጉድጓድ አይፈልግም። እናቴ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ከታችኛው ፎቅ ሁለት ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይቀጥላል፣ ጣቶቹ አያርፉም። እናንተ የተሳሳታችሁት ቃል እዚያ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ይነገራል። "ቋጭተሽ ጨረስሽ?" "አንዱ ጫፍ ቀረኝ።" ከተማ ዳር ስለሆንን ነው ያልተሰማነው? አንድ ታክሲ ይዞ መምጣት ይህን ያህል ከባድ ነበር?

ሆድ የባሰኝ በዚህ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ቃላት እሰበስባለሁ ብሎ ቤታችን መጥቶ ነበር። እናቴ ከሰዓቱን ሙሉ አስረዳችው። ድር፣ ማግ፣ ቀሰም፣ ጥለት፣ ዘርፍ፣ ሁሉንም። እሱም በስልኩ ቀዳት። ጽሑፉ ሲወጣ "ከአካባቢው ነዋሪዎች የተገኘ" ይል ነበር። ስሟ የለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔንና ሌላውን የእጅ ሠራተኛ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ያ ስድብ ዛሬ ቀንሷል። ቃሉን ወስዶ ባለቤቱን መተው ግን አልቀረም፣ እሱም ያማል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በገጻችሁ ግርጌ "ድህረ ገጻችንን ይጎብኙ" ይላል። በዚያው ጽሑፋችሁ "ድኅረ" ማለት "በኋላ" ነው ብላችሁ አስተምራችሁናል። ታዲያ "ድኅረ ገጽ" ከገጽ በኋላ የሚመጣ ነገር ሊሆን ነው? ትክክለኛው "ድረ ገጽ" ነው፤ ከድር። ያው አባቴ በየቀኑ የሚዘረጋው ድር። በአንድ ገጽ ላይ ሸማኔውን ሁለት ጊዜ አጣችሁት፤ አንዴ ከመቋጫው፣ አንዴ ከራሳችሁ ስም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማረሚያው በዚያው ጽሑፍ ላይ፣ በዚያው ቦታ ይውጣ። ሌላ ቀን ማንም በማያየው ጥግ አይሁን። "ቋጠረ" የሚለው ወጥቶ "ቋጨ" ይግባ። "ተጨማሪ" የሚለውም ይነሳ። ጸሐፊው ማየት ከፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነን። የሙሽራ ልብስ ከአባቴ እጅ ወርዷል፣ እናቴ አንዱን ጫፍ ቋጭታለች። ሌላውን ሳትጀምር ትጠብቀዋለች።

ከኮዬ ፈጬ፣ የሸማኔ ልጅ