ከትምህርት ቤቱ በፊትም ፊደል ነበር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ መንደራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት በስልክ፣ ጮክ ብዬ፣ ለወንድ አያቴ ነው። «ትምህርት ቤቱ በንጉሡ ዘመን እስኪከፈት ድረስ በአካባቢው ፊደል የቆጠረ ሰው አልነበረም» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ዝም አሉ። ቆይተው «እኛ ታዲያ ምን ነበርን?» አሉ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ አዲሱ ሕንፃና ስለ ተማሪዎቹ ውጤት የጻፋችሁት ልክ ነው፤ ደስም ብሎኛል።

አገራችን ጮቄ ተራራ ግርጌ፣ የድሮው ቢቸና አውራጃ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ሩቅ አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የሚመጣው ተማሪ በደጃችን ሲያልፍ ነው የኖረው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም እዚሁ ጎጃም ናቸው። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር «ፊደል የቆጠረ አልነበረም» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? አንድ ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

አያቴ ፊደል የቆጠሩት በሰባት ዓመታቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የኔታ ፊት ተቀምጠው ነው። ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላሉ። አፋቸው ከስንደዶው ከቀደመ አለንጋዋ ትከሻቸው ላይ ታርፋለች። በቃል የያዙትን እያነበቡ እንዳያስመስሉ ነው። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። አስኳላው ሲከፈት ዳዊት ደግመዋል። መምህሩ የአማርኛ መጽሐፍ ሰጣቸው፤ ሳይደናቀፉ አነበቡለት። ሌላ ገጽ ገለጠ፤ ያንንም አነበቡለት። በዚያው ቀን ሁለተኛ ክፍል አስገባቸው። እንደሳቸው የገቡ ሌሎችም ልጆች ነበሩ። «ፊደል የቆጠረ አልነበረም» ከተባለ መምህሩ እነዚህን ልጆች ከየት አመጣቸው?

አንድ ነገር አምናለሁ። የኔታ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላስተማሯቸውም። ብዕር የያዙት፣ ሒሳብ የተማሩት አስኳላ ገብተው ነው። ይህን ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይበራል። ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የጻፉት ከብት እየጠበቁ፣ ሙጋ ወንዝ ዳር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ፣ በዱላቸው ጫፍ ነው። በማግሥቱ ወንዙ ሞልቶ አጠፋባቸው። ደግመው ጻፉት።

ዘጋቢያችሁ «መጻፍ የሚችል ጥቂት ነበር» ቢል አልከራከርም ነበር። ስለ ሴቶቹ ቢናገርም እውነት ይሆን ነበር። እህታቸው ያደጉት አያቴ እንዲማሩ በሳቸው ፈንታ ጥጃ እየጠበቁ ነው። ፊደል ያገኙት በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ ልጆች ወልደው ነው። በጣት መፈረም ያቆሙትም ያኔ ነው። ስለዚህ ዘገባው እውነቱን ለመጻፍ ብዙ ነገር ነበረው። ያልነበረውን ጻፈ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዘጋቢያችሁ በመጣበት ቀን አያቴ እዚያው ነበሩ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ ይዘው ሄዱ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። 78 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዳገቱን የወጡት በእግራቸው ነው። ዘጋቢው ቢሮ ገብቶ ኃላፊዎቹን አነጋገረ፣ ሕንፃውን ፎቶ አነሳ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ሲገባም ሲወጣም ያለፈው በሳቸው አጠገብ ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጣቸውም። «አባባ፣ እርስዎ የት ተማሩ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ያቺ ዓረፍተ ነገር አትጻፍም ነበር።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። እርማት አውጡ። «ከትምህርት ቤቱ በፊት በአካባቢው ልጆች ፊደልና ዳዊት የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ነበር» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። የአያቴን ስምም ፎቶም አውጡልኝ አላልኩም። እሳቸውም አልጠየቁም። ብቻ እሑድ እሑድ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አረሙት?» ብለው ነው። እስካሁን «ገና ነው» እያልኳቸው ነው።

የቢቸና ልጅ
ከአዲስ አበባ