ጥቆማ ጫፍ ይኑረው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሐዋሳ ስለ ሙስና የማያማርር የለም። ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች የሚደርሰው ጥቆማ ግን ብዙ ጊዜ «እገሌ ይበላል» ከማለት አያልፍም። መርማሪ የሚይዘው ጫፍ ስለሌለው እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

የግዥ ማጭበርበርን ብቻ እንመልከት። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተገዛ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ደረሰኝ ይመዘገባል። የተለመደው ዘዴ ሞዴል 19 ተቆርጦ፣ ክፍያው ተፈጽሞ፣ ዕቃው ግን ንብረት ክፍል ሳይደርስ መቅረቱ ነው፤ ወይም 100 ኩንታል ሲሚንቶ ተብሎ 60 ይገባል። ስለዚህ ጠቋሚው የሞዴሉን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነትና መጠን፣ ተረክቤያለሁ ብሎ የፈረመውን ሰው ይጻፍ። ያየውን ከሰማው ይለይ። ዋናውን ሰነድ ከፋይል ነቅሎ መውሰድ ግን ከባድ ስህተት ነው፤ ማስረጃውን ያበላሻል፣ ጠቋሚውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ሰነዱ የት እንደሚገኝ መጠቆም ይበቃል።

ተጠርጣሪው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሆነ ጥቆማው እዚያው ቢሮ አይግባ፤ መከታተያ ክፍሉ ለእርሱ ቅርብ ነውና። በቀጥታ ወደ ክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሂድ።

የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ጥበቃው ግን ለከባድ ወንጀሎች እንጂ ለማንኛውም ጥፋት አይደለም። ጥቆማ ተቀባዮች ይህን ለጠቋሚው መንገር ያለባቸው ስሙን ከመመዝገባቸው በፊት ነው።

ከሐዋሳ